ጨረር ታዝዞልዎት ከአዳማ ሲነሱ፦ የትኛው ዓይነት፣ ስንት ቀን፣ ለየትኛው ካንሰር

ጨረር የታዘዘለት ሰው ቤት መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ማሽኑ አዲሱ ነው አሮጌው?» የሚል ነው። ወዲያው «ውጭ አገር ብንወስደውስ?» ይከተላል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ ቦታቸው ግን ከሁለት ሌሎች ጥያቄዎች በኋላ ነው፦ ሕክምናው የታዘዘው ለማዳን ነው ወይስ ለማስታገስ? በስንት ቀንስ ያልቃል? አዳማ ለሚኖር ታካሚ ማደሪያው፣ የአስታማሚው የሥራ ፈቃድ፣ የመጓጓዣው ወጪ፣ እቤት የሚቀሩት ልጆች ነገር ሁሉ በእነዚህ መልሶች ላይ የተንጠለጠለ ነው። የሕክምናው ውጤትም ቢሆን ለብዙዎቹ ካንሰሮች የታዘዘውን መጠን በታዘዘው ጊዜ ውስጥ በመጨረስ ይወሰናል። በዘመናዊ ማሽን ተጀምሮ፣ መሀል ላይ ሦስት ሳምንት ተቋርጦ ያለቀ ሕክምና በአሮጌ ማሽን ሳይቆራረጥ ካለቀው ሊያንስ ይችላል።

ትእዛዙን ማንበብ

ካርዱ ላይ «50 ግሬይ በ25» የሚመስል ነገር ተጽፎ ይገኛል። ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው፤ 25ቱ ማሽኑ ላይ የሚተኛበት ቀን ብዛት ነው። ስለዚህ በቀን 2 ግሬይ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ 5 ሳምንት ማለት ነው። መጠኑ በየቀኑ የሚከፋፈለው ጤነኛው ሴል በየመሀሉ ራሱን እንዲጠግን ነው፤ የካንሰር ሴል በአብዛኛው ጥገና ላይ ደካማ ስለሆነ ጉዳቱ እየተጠራቀመበት ይሄዳል።

የቀኑ መጠን ከፍ ሲል የቀኑ ብዛት ያጥራል፣ ድምሩም አብሮ ዝቅ ይላል። ለዚህ ነው 40 ግሬይ በ15 ቀን ከ50 ግሬይ በ25 ቀን ያነሰ ሕክምና የማይሆነው። «ለእሷ 70 ሰጧት፣ ለእኔ 40 ብቻ» እያሉ በድምሩ ብቻ ማወዳደር ወረፋ ላይ የሚሰማ የተለመደ ስህተት ነው። የታመመው ቦታና የቀኑ መጠን ካልታየ ድምሩ ምንም አይናገርም።

የማስታገሻ ትእዛዝ በአብዛኛው በቁጥሩ ይለያል፦ 8 በ1፣ 20 በ5፣ 30 በ10። ካርዱ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ካለና ቤተሰቡ ግን ለማዳን ነው ብሎ ካሰበ፣ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። በማስታገሻ ላይ መሬት ሸጦ ባንኮክ መሄድ የሚመጣው ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው።

ኮባልት ወይስ ሊናክ

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት ማሽን ተጀመረ፤ ከ20 ዓመት በላይም በአገሪቱ ሌላ ቦታ አልነበረም። በኋላ ሊኒየር አክስለሬተር፣ በአጭሩ ሊናክ የሚባለው ማሽን ገባ፤ ጅማም አገልግሎቱን ጀመረ። ከአዳማ ግን ቅርቡ አዲስ አበባ ነው።

ኮባልት ማሽን ውስጥ ያለው ራሱ ጨረር የሚያወጣ የኮባልት 60 ቁራጭ ነው። ቁራጩ በ5.27 ዓመት ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል፣ በወር 1 በመቶ ገደማ ማለት ነው። አዲስ ሳለ 2 ደቂቃ የሚፈጀው ከ5 ዓመት በኋላ 4 ደቂቃ ይፈጃል። መጠኑ በስሌት ስለሚስተካከል ታካሚው ያነሰ ጨረር አያገኝም፤ ግን ረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መተኛት አለበት፣ በቀን የሚስተናገደው ሰው ያንሳል፣ ወረፋው ይረዝማል። ሊናክ ጨረሩን በኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ሲጠፋ ጨረር የለውም። በምትኩ የተረጋጋ መብራት፣ የማይቋረጥ የማቀዝቀዣ ውሃና የሠለጠነ መሐንዲስ ይፈልጋል። አንድ መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ለሳምንታት ሊቆም ይችላል።

ልዩነቱ በአካል ላይ የሚታየው በጥልቀት ነው። ከቆዳ 10 ሴንቲሜትር ሲወርድ ከኮባልት ጨረር ከከፍተኛው መጠን 56 በመቶ ገደማ ይቀራል፤ ከ6 ሜጋቮልት ሊናክ (ሜጋቮልት የጨረሩ ጉልበት መለኪያ ነው) 67፣ ከ15 ሜጋቮልቱ 77 ገደማ። ወፍራም ዳሌ ባላት ሴት ወይም በወፍራም ሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ዕጢ በኮባልት ለመድረስ ከላይ ያለው ሥጋ ብዙ መክፈል አለበት ማለት ነው። የኮባልት ከፍተኛ መጠን የሚያርፈው ከቆዳ ግማሽ ሴንቲሜትር በታች ስለሆነ ቆዳን ይበልጥ ያቃጥላል፤ የ6 ሜጋቮልት ሊናክ 1.5 ሴንቲሜትር ገብቶ ነው። የኮባልት ጨረር ጠርዝም ስለት የለውም፣ ወደ ጎን ይደበዝዛል።

ስለዚህ ለአጥንት ሕመም፣ ለአንገት እብጠት ማስታገሻ፣ ለቀጭን ሴት ደረት ኮባልት በቂ ነው፤ ሊናክ ለመጠበቅ ሁለት ወር ማሳለፍ አያዋጣም። ለዳሌ ሊናክ ይሻላል፤ ኮባልት ብቻ ቢገኝም ከአራት አቅጣጫ ተከፋፍሎ ሲሰጥ ይሠራል፤ ዓለም በማህፀን በር ካንሰር ያዳናቸው ብዙ ሴቶች በዚህ መንገድ የታከሙ ናቸው። ለአንጎል፣ ለፕሮስቴትና ለአንገት የማዳን ሕክምና ግን ሊናክን መጠበቅ ያዋጣል።

ዕቅዱ፦ ሁለት ገጽታ፣ ሦስት ገጽታ፣ አይኤምአርቲ

አንዱ ማሽን በተለያየ ዕቅድ ሊሠራ ይችላል። ባለሁለት ገጽታ ዕቅድ በኤክስሬይ ላይ አጥንትን ምልክት አድርጎ አራት ማዕዘን መስክ መቁረጥ ነው፤ በአንድ ቀን ይሠራል። ባለሦስት ገጽታው በሲቲ ስካን ላይ ዕጢውን፣ ፊኛውን፣ አንጀቱን በየሥዕሉ ይከባል፤ የሊናኩ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎችም ጨረሩን በዕጢው ቅርፅ ይቆርጡታል። አይኤምአርቲ ከዚያ አልፎ በአንድ መስክ ውስጥ እዚህ ወፍራም፣ እዚያ ስስ አድርጎ ጨረሩን ያለሰልሳል፤ ቪማት የሚባለው ይህንኑ ማሽኑ እየዞረ በ2 ደቂቃ አካባቢ ሲሰጠው ነው።

አይኤምአርቲ ጥቅሙ በደንብ የተረጋገጠው ለራስና አንገት ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የብሪታኒያ ጥናት፣ ሕክምናው ካለቀ ከዓመት በኋላ መካከለኛና ከዚያ በላይ የአፍ ድርቀት የነበረባቸው በተለመደው ዘዴ 74 በመቶ፣ በአይኤምአርቲ 38 በመቶ ነበሩ። የመኖር ዕድሉ ላይ ልዩነት አልታየም። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፦ አይኤምአርቲ በአብዛኛው የሚገዛው ኑሮን እንጂ ዕድሜን አይደለም። እንጀራን ያለ ውሃ መዋጥ መቻል ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚበላሸው የት ነው? አይኤምአርቲ ልክ እንደተሰፋ ልብስ ነው፤ ሐኪሙ ሥዕሉ ላይ ያልከበበው ቦታ ጨረር አያገኝም። በሰፊው የአራት ማዕዘን መስክ ሳይታሰብ የሚሸፈን የሊምፍ ዕጢ እዚህ ሊያመልጥ ይችላል። ዕቅዱ ቀናት ይፈጃል፤ ከመጀመሩ በፊት ፊዚሲስቱ በማሽኑ ላይ ለክቶ ማረጋገጥ አለበት፤ በየጊዜው ታካሚው ማሽኑ ላይ ተኝቶ በሥዕል መታየት አለበት። እነዚህ በማይደረጉበት ቦታ ከአይኤምአርቲ በደንብ የተሠራ ባለሦስት ገጽታ ይመረጣል። ስለዚህ «አይኤምአርቲ አላችሁ?» ከማለት «በየስንት ቀኑ በሥዕል ታረጋግጣላችሁ?» ማለት የበለጠ ይነግራል።

ለራስና አንገት በሙቅ ውሃ ለስልሶ ፊት ላይ የሚቀረጽ ወንፊት መሰል የፕላስቲክ ጭንብል ይሠራል። ሙሉው ሕክምና 70 ግሬይ በ35፣ 7 ሳምንት ነው። ታካሚው ከከሳ ጭንብሉ ይላቀቃል፣ ራሱ ውስጡ ይዞራል፣ ዕቅዱ ይበላሻል። ክብደት በየሳምንቱ መመዘን ያለበት ለዚህ ነው። በርበሬ የሌለው ሽሮ፣ አጥሚት፣ ወተት፣ እንቁላል፤ ጾም ከሆነም ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው። መጎተት ያለበት ጥርስ ከጨረሩ በፊት ተነቅሎ ቢያንስ 10 ቀን፣ ቢቻል 2 ሳምንት ይድናል፤ ጨረር ያለፈበት መንጋጋ ላይ በኋላ መንቀል አጥንቱን ሊያሞተው ይችላል። ወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው ከውሃው ፍሎራይድ የተነሳ ጥርሱ ቀድሞም የተጎዳ ሊሆን ስለሚችል የጥርስ ሐኪሙን አይዝለል።

ስቴሪዮታክቲክ የሚባለው ደግሞ በትንሽ ዕጢ ላይ በ1 እስከ 5 ቀን ከፍተኛ መጠን ማሳረፍ ነው፤ ለትንሽ የሳንባ ዕጢ ወይም ለአንጎል። ፕሮቶን የሚባለው የጨረር ዓይነት በኢትዮጵያ የለም። ዋነኛ ጥቅሙ ከዕጢው ጀርባ ጨረር አለመተዉ ነው፤ ለሕፃናት የአንጎልና የአከርካሪ ዕጢ ትርጉም አለው። ለአዋቂ ሴት የማህፀን በር ካንሰር ፕሮቶን ፍለጋ መሄድ ገንዘብ መበተን ነው።

የማህፀን በር ካንሰር

እዚህ ላይ ጊዜ ወስደን እንናገራለን፤ ብዙ ሰው የሚታከምበትም፣ ስህተቱ የሚበዛበትም ነውና።

ገና ትንሽ ከሆነ ኦፕራሲዮን አለ፤ ለወጣት ሴት ኦቫሪዋን ስለሚያተርፍ ይመረጣል። ከዚያ ካለፈ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይሰጣል፦ ከውጭ ጨረር 45 ግሬይ በ25 ወይም 50.4 በ28፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሲስፕላቲን የተባለው ኬሞ በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 40 ሚሊግራም፣ ከዚያም ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር፣ ብራኪቴራፒ። ኬሞው መጨመሩ የ5 ዓመት የመኖር ዕድልን ከ60 ወደ 66 በመቶ እንዳደረሰ በብዙ ጥናቶች ድምር ታይቷል።

ብራኪቴራፒ የሚታለፍ ተጨማሪ ነገር አይደለም። ዕጢውን ለማጥፋት ድምሩ ከ80 ግሬይ በላይ መድረስ አለበት፤ አንጀት ግን ያን አይችልም። ምንጩ በማህፀን ውስጥ ሲቀመጥ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ጨረሩ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ዕጢው ከፍተኛውን ይቀበላል፣ ፊኛና ፊንጢጣ ይተርፋሉ። በብዛት በ3 ወይም በ4 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 7 ወይም 8 ግሬይ ነው። በእሱ ፋንታ ከውጭ በአይኤምአርቲ የጨመሩት ያነሰ ውጤት አግኝተዋል። በኤምአርአይ እየታገዙ ብራኪቴራፒን በጥንቃቄ የሰጡ ማዕከላት በ5 ዓመት በ92 በመቶው ላይ ዕጢው በነበረበት ቦታ እንዳይመለስ አድርገዋል።

ከመጀመሪያው የውጭ ጨረር እስከ መጨረሻው ብራኪቴራፒ ከ8 ሳምንት፣ ማለትም ከ56 ቀን ማለፍ የለበትም። ከዚያ በኋላ በሚጨመረው በእያንዳንዱ ቀን ዕጢውን የመቆጣጠር ዕድል ከግማሽ እስከ 1 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ የውጭውን ከመጀመር በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ብራኪቴራፒው እዚሁ ነው? የመጀመሪያው ቀጠሮ መቼ ነው?» በአንድ ቦታ 25ቱን ጨርሶ ለብራኪ ሌላ ቦታ ወረፋ መያዝ ሕክምናውን ያበላሻል። ምንጩ ምን እንደሆነም መጠየቅ ይቻላል፦ ኢሪዲየም ከሆነ በ74 ቀን ግማሽ ስለሚሆን በየ3 ወይም 4 ወሩ ከውጭ መተካት አለበት፣ መተኪያው ሲዘገይ አገልግሎቱ ይጓተታል፤ ኮባልት ምንጭ 5 ዓመት ገደማ ይሄዳል። በማዳን ረገድ ሁለቱ እኩል ናቸው።

ከመጀመሩ በፊት ሁለት ምርመራ ወሳኝ ነው። ሄሞግሎቢን ከ10 በታች ከሆነ በቅድሚያ ደም መስጠት ይመከራል፤ ኦክስጅን ያነሰው ዕጢ ለጨረር አይበገርም። ደም ለጋሽ ዘመድ ማዘጋጀት ለቤተሰቡ የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። ኩላሊትም ይታይ፤ ዕጢው የሽንት ቧንቧን ከዘጋ ሲስፕላቲን ኩላሊቱን ይጨርሰዋል፤ መጀመሪያ በጀርባ በኩል ቱቦ ገብቶ ሽንቱ መውረድ አለበት። ኤችአይቪ ያለባት ሴት ያው ሙሉ ሕክምና ይገባታል፤ የኤችአይቪ መድኃኒቷን አታቋርጥ።

በየቀኑ ፊኛው በተመሳሳይ መጠን እንዲሞላ ይፈለጋል፦ ሽንት ሸንቶ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥቶ፣ 45 ደቂቃ ያህል መጠበቅ። የሞላ ፊኛ አንጀቱን ከጨረሩ መንገድ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ተቅማጥ ይመጣል፤ ጥሬ አትክልትና ጥራጥሬ ይቀነሳል፣ ኦአርኤስ ቦርሳ ውስጥ ይያዛል። ካለቀ በኋላ የወር አበባ ይቆማል፣ ብልት ይጠባል፤ የማስፊያ ዘንግ ስለመጠቀም ነርሷን መጠየቅ ነውር የለውም፣ ሳይጠየቅ የሚነገርበት ቦታ ግን ጥቂት ነው።

የጡት ካንሰር፦ 25፣ 15 ወይስ 5

ለአዳማ ታካሚ ቁጥሩ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው እዚህ ነው። የድሮው 50 ግሬይ በ25 ነበር። የብሪታኒያ ጥናቶች 40 ግሬይ በ15፣ የካናዳው 42.5 በ16 እኩል እንደሚሠሩ አሳዩ፤ በካናዳው በ10 ዓመት በጡቱ ላይ የተመለሰው በረጅሙ 6.7፣ በአጭሩ 6.2 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ከ4,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት 26 ግሬይ በ5 ቀን፣ በአንድ ሳምንት የሚያልቀውን ከ15ቱ ጋር አወዳድሮ በ5 ዓመት 1.4 በመቶ ከ2.1 በመቶ መመለስ አግኝቷል።

25 ከታዘዘ «15 ለምን አይሆንም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ የተሠራ ጡት፣ ልዩ የሊምፍ ዕጢ ሁኔታ። ብዙ ጊዜ ግን የልማድ ጉዳይ ነው። 5ቱ ትክክለኛ የሲቲ ዕቅድና የመጠን እኩልነት ይፈልጋል፤ በትልልቅ ጡት ላይ ያለ ዕቅድ አይሞከርም።

ጡትን ቆርጦ ማውጣት ወይስ ዕጢውን ብቻ? ዕጢውን ብቻ የመረጠች ሴት ጨረር የግድ ይላታል፤ ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ጨረር በ10 ዓመት የመመለስ ዕድልን ከ35 ወደ 19 በመቶ፣ በ15 ዓመት በጡት ካንሰር የመሞትን ከ25.2 ወደ 21.4 በመቶ አውርዷል። ስለዚህ ምርጫው ከቀዶ ሐኪሙ ክፍል በፊት በመንገድና በወረፋ ላይ ይወሰናል፦ ጨረሩን በጊዜው አግኝታ እንደምትጨርስ እርግጠኛ ካልሆነች ሙሉ ጡቱ ቢነሳ ይሻላል። ሙሉው ቢነሳም 4 እና ከዚያ በላይ የሊምፍ ዕጢ ተይዞ ከተገኘ ወይም ዕጢው ከ5 ሴንቲሜትር ካለፈ ጨረሩ አይቀርም። የፓቶሎጂው ወረቀት ላይ ስንት የሊምፍ ዕጢ ታይቶ ስንቱ እንደተያዘ ካልተጻፈ ጨረር ክፍሉ መወሰን አይችልም፤ ታካሚዋም ለዚህ ወረቀት ብቻ ወደ አዳማ ትመለሳለች።

በግራ በኩል ላለ ጡት ልብ አጠገብ ስላለ፣ ትንፋሽ በጥልቅ ስቦ መያዝ ልብን ከመስኩ ያርቃል። ብብት ሥር በመጋቢትና በሚያዝያ የአዳማ ሙቀት ላብ ቆዳውን ይፍቀዋል፤ የጥጥ ነጠላ ጣል አድርጎ ጡት መያዣውን መተው ይረዳል። ቅቤ፣ ሽቶና ዲዮዶራንት መስኩ ላይ አይቀባም። የተሠመረው ቀለም ወይም የተነቀሰው ነጥብ መለኪያ ነው፤ ጸበል የሚጠመቅ ሰው እዚያ ላይ እንዳይታሽ ይንገር።

የጉሮሮ ቧንቧ

የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር የአርሲና የባሌ በሽታ ነው ማለት ይቻላል፤ ከአሰላ ወደ አዳማ የሚወርደው ሪፈር ምስክር ነው። ኦፕራሲዮን የሚችል ሰው መጀመሪያ 41.4 ግሬይ በ23 ከሳምንታዊ ኬሞ (ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል) ጋር ወስዶ ቢቆረጥ፣ ያለ ቅድመ ሕክምና ከተቆረጠው ጋር ሲነጻጸር ከሕክምናው በኋላ የመኖር መካከለኛ ጊዜው ከ24 ወር ወደ 49 ወር ደርሷል። ኦፕራሲዮን ለማይችል 50 ግሬይ አካባቢ ከኬሞ ጋር ነው፤ በአንድ የአሜሪካ ጥናት ከኬሞ ጋር የተሰጣቸው 26 በመቶ 5 ዓመት ሲኖሩ፣ ጨረር ብቻ ከወሰዱት አንድም አልነበረም። ለማዳን ከታሰበ ኬሞው አብሮ መሄድ አለበት ማለት ነው።

በሽታው ተሰራጭቶ መዋጥ ብቻ ከጠፋ ምርጫው ስቴንት (የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ወይም ጨረር ነው። ስቴንት በቀናት ያስውጣል፤ ከውስጥ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ 12 ግሬይ ብራኪቴራፒ ቀስ ይላል፣ ግን ወራት ሲቆጠሩ ይበልጠዋል። ውሃ ሲጠጣ የሚያስለው ሰው ቧንቧው ወደ አየር ቧንቧ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ጨረር አይሰጠውም፤ የተሸፈነ ስቴንት ነው የሚያስፈልገው።

አጥንት፣ ፕሮስቴት፣ ፊንጢጣ

ለአጥንት ሕመም 8 ግሬይ አንድ ጊዜ ብቻ መስጠት ከ10 ቀኑ ጋር እኩል ያስታግሳል፤ በሁለቱም ከ10 ሰው 6ቱ ይቀልለዋል። ልዩነቱ መድገም ነው፦ ከአንዱ በኋላ 20 በመቶ፣ ከብዙው በኋላ 8 በመቶ እንደገና ይታከማሉ። ከአዳማ ጠዋት ሄዶ ማታ ለመመለስ ከዚህ የሚሻል የለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ሊብስ ይችላል፤ የሕመም ማስታገሻው አይቋረጥ። የጀርባ ሕመም ላይ የእግር መዛል ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ከተጨመረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል፣ ዴክሳሜታሶን (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት)፣ ኤምአርአይ። መራመድ የጠፋ ሰው መልሶ የመራመዱ ዕድል ትንሽ ነው።

ፕሮስቴት 37 ቀን ከነበረው 60 ግሬይ በ20 ሆኗል፤ በ5 ዓመት በሽታው ያልተመለሰባቸው በአጭሩ 90.6፣ በረጅሙ 88.3 በመቶ ናቸው፤ አጭሩ አላነሰም። በ5 ቀን የሚሰጠውም ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ግን በየቀኑ በሥዕል ማረጋገጥ ለሚችል ማዕከል ብቻ። ለፊንጢጣ 25 ግሬይ በ5 ቀን ወይም 5 ሳምንት ከካፔሲታቢን የኬሞ እንክብል ጋር፤ ከሩቅ ለሚመጣ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ያመቻል።

ተመላልሶ ወይስ አዲስ አበባ አድሮ

ፈጣን መንገዱ 85 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ጥቁር አንበሳ ያለው የከተማ መንገድ ግን ከእሱ የበለጠ ሰዓት የሚበላበት ጠዋት አለ። 25 ቀን መመላለስ በፈጣን መንገዱ ብቻ 4,250 ኪሎሜትር ነው። ለ1 እና ለ5 ቀን መመላለስ ያስኬዳል። ለ15 ቀን የጡት ጨረር ጤንነቱ ጥሩ ለሆነ ሰው ይቻላል። ለዳሌ፣ በግማሽ ሊትር ውሃ የሞላ ፊኛና በሦስተኛው ሳምንት ተቅማጥ ሚኒባስ ውስጥ፣ አይቻልም፤ ማደር ነው። ለአንገትና ለጉሮሮም እንዲሁ። ዘመድ ከሌለ፣ ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ የሚሰጥ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ የካንሰር ሶሳይቲ አለ፤ ለሕፃናት ደግሞ ተስፋ አዲስ። ቦታው ስለሚሞላ ዕቅዱ እየተሠራ ሳለ ነው የሚጠየቀው።

ቀን ከተዘለለ፣ ማሽን ቆሞም ይሁን በዓል ገብቶ፣ ማካካሻ አለ፦ ቅዳሜ መግባት ወይም በአንድ ቀን ቢያንስ 6 ሰዓት አራርቆ ሁለቴ። ለማህፀን በርና ለአንገት ካንሰር ይህ መጠየቅ አለበት፤ «መጨረሻ ላይ እንጨምራለን» ለእነዚህ በቂ አይደለም። ለጡት አንድ ሁለት ቀን ያን ያህል አያናጋም።

ሲሄዱ የፓቶሎጂ ውጤቱ ከነስላይዱ፣ የኦፕራሲዮን ሪፖርት፣ የሲቲው ሲዲ፣ የኬሞ ካርድና ማኅተም ያለበት ሪፈር አይረሱ። የጤና መድህን ያለው ሰው ሪፈሩ ደረጃውን ጠብቆ ካልመጣ ክፍያው ራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከውጭ የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ እናት በዚያው ማታ ልጇን ታቅፋለች። ብራኪቴራፒውም ቢሆን ምንጩ ወደ ማሽኑ ይመለሳል።

የጎንዮሽ ጉዳቱ ጫፍ የሚደርሰው ከመጨረሻው ቀን በኋላ ባሉት 1 ወይም 2 ሳምንታት ነው፤ «አልቆ ሳለ ባሰብኝ» የሚባለው የሚጠበቅ ነው። ዕጢው መጥፋቱን ለማየት ለአንገት 12 ሳምንት ይጠበቃል፤ ከዚያ በፊት የሚነሳ ምስል የተቆጣውን ሥጋ ዕጢ አስመስሎ ያስደነግጣል። የዳሌ ጨረር የወሰደች ሴት ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ደም የቀላቀለ ሰገራ ወይም ሽንት ካየች፣ አዳማ ላይ ለሚያያት ሐኪም የጨረሩን መጠንና የጨረሰችበትን ቀን የያዘውን ካርድ ታሳይ፤ ፊንጢጣው ላይ ያለው ቁስል ከጨረር የመጣ ከሆነ ናሙና መቁረጥ የማይድን ቀዳዳ ሊከፍት ይችላልና።